በሕንድ ፓርላማ «ተሿሚ አባል» ምንድን ነው?

የሕንድ ፓርላማ ሁለት ምክር ቤቶች አሉት። የታችኛውን፣ ሎክ ሳብሃን፣ ሕዝብ በቀጥታ ይመርጠዋል። የላይኛው ራጅያ ሳብሃ ነው። አብዛኞቹን አባላቱን የግዛት ምክር ቤቶች ይመርጣሉ። 12 ወንበሮች ግን ያለ ምርጫ ይሞላሉ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 80 መሠረት በሥነ ጽሑፍ፣ በሳይንስ፣ በሥነ ጥበብ ወይም በማኅበራዊ አገልግሎት የታወቁ ሰዎችን ፕሬዚዳንቱ ይሾምባቸዋል። ተሿሚ አባል የሚባሉት እነዚህ ናቸው። ዘመናቸው 6 ዓመት ነው። ሕግ ሲወጣ ድምፅ ይሰጣሉ፤ ፕሬዚዳንት ሲመረጥ ግን አይሰጡም።

ፕሬዚዳንቱ ይሾማል የሚባለው እንግዲህ በወረቀት ነው። ስም የሚያቀርበው መንግሥት ነው። ታዲያ መንግሥት ያስቀመጠው ሰው መንግሥትን ደፍሮ ይተቻል?

አቡ አብርሃም ተችቷል። የኬራላ ልጅ ነው፣ ካርቱኒስት። ለንደን ሄዶ ለኦብዘርቨር፣ ኋላም ለጋርዲያን ሲስል ቆይቶ በ1969 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች ናቸው) አገሩ ገባ፤ ኢንዲያን ኤክስፕረስ ጋዜጣ ላይ መሳል ጀመረ። በ1972፣ ኢንዲራ ጋንዲ ጠቅላይ ሚኒስትር ሳለች፣ የራጅያ ሳብሃ ተሿሚ ሆነ።

ሰኔ 1975 ላይ ኢንዲራ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አስወጀች። ተቃዋሚዎች ታሰሩ፤ ጋዜጣ ላይ ሳንሱር ተጣለ። ፕሬዚዳንቱ ፋክሩዲን አሊ አህመድ አዋጁን የፈረመው ገና ካቢኔው ሳያየው፣ በሌሊት ነው። ከዚያ በኋላም ፓርላማ ሳይመክርባቸው በፕሬዚዳንቱ ፊርማ ብቻ የሚወጡ አዋጆች ተከታተሉ።

በታኅሣሥ አቡ አንድ ካርቱን አወጣ። ፕሬዚዳንቱ ራቁቱን መታጠቢያ ገንዳ ውስጥ ነው። በሩ ገርበብ ብሏል፤ ፕሬዚዳንቱ የፈረመውን ወረቀት በዚያው በኩል ያቀብላል። ሌላ አዋጅ ካለ ትንሽ ይጠብቁ በላቸው ይላል። በቃ፣ ይኸው ነው። ኢንዲራ በሥዕሉ ላይ የለችም፤ ግን ወረቀቱን ማን እንደላከው ለማንም ግልጽ ነው። በዚያ ሳንሱር መሀል ይህ ሥዕል መታተሙ እስከ ዛሬ ያስገርማል። አጉራሾቹ እጃቸውን ተነከሱ ማለት ይቻላል። እኔ ግን አልልም፤ ወንበሩ የተሰጠው ለሙያው ነው፣ እሱም ሙያውን ሠራ።

የምክር ቤት ዘመኑ በ1978 አበቃ። ጋዜጣው ላይ እስከ 1981 ሣለ።