ድሮፕ ምንድን ነው? ከጉዳት በኋላ ጫማ ስትገዙ የምትጠይቁት ቁጥር

ባለፈው ዓመት የግራ እግሬ የተረከዝ ጅማት ታመመ። ጠዋት ከአልጋ ስወርድ የመጀመሪያዎቹን አሥር እርምጃዎች የምራመደው ግድግዳ ይዤ ነበር። ሦስት ወር ገደማ ሩጫ አቆምኩ። ሲሻለኝ ደስ ብሎኝ ጫማ ልገዛ ወጣሁ። ሻጩ ቀለል ያለ፣ ሶሉ ከፊት እስከ ኋላ እኩል የሆነ ጫማ አወጣልኝ። «ሯጮች የሚወስዱት ይሄንን ነው» አለኝ። ስሞክረው ተመቸኝ፣ ገዛሁት። በሁለተኛው ሳምንት ሕመሙ እንደነበረ ተመለሰ።

ጫማው ምንም አይወጣለትም። ለዚያ ሰሞን ጅማቴ ግን የሚሆን አልነበረም። ይህን ያስረዳችኝ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ናት። ጫማውን ከእጄ ተቀብላ አገላብጣ አየችውና «ድሮፑ ስንት ነው?» አለችኝ። ቃሉን ያን ቀን ነው የሰማሁት።

ድሮፕ ማለት የሩጫ ጫማ ታኮ ነው ብትሉ አትሳሳቱም። ተረከዝ የሚያርፍበት ቦታ ያለው የሶል ውፍረት ከጣቶች ሥር ካለው ምን ያህል ይበልጣል? ልዩነቱ ነው ድሮፕ የሚባለው። የሚለካው በሚሊሜትር ነው። ከተረከዝ ሥር 35፣ ከፊት 25 ሚሊሜትር ከሆነ ድሮፑ 10 ነው። ሁለቱም እኩል ከሆኑ ዜሮ ነው። ስለዚህ ወፍራም ጫማ ሁሉ ድሮፑ ትልቅ ነው ማለት አይደለም። ትራስ የሚያህል ሶል ኖሮት ድሮፑ ዜሮ የሆነ ጫማ አለ። አልትራ የሚባለው ኩባንያ የታወቀው በዚህ ነው። የናይኪ ፔጋሰስ ደግሞ 10 ነው። በጥቅሉ ከ8 እስከ 12 ያለው ከፍተኛ፣ ከ4 እስከ 8 መካከለኛ፣ ከ4 በታች ዝቅተኛ ይባላል።

ጥቂት ሚሊሜትር ምን ለውጥ ያመጣል? የእንጦጦን ዳገት በእግሩ የወጣ ሰው መልሱን ያውቀዋል። ዳገት ላይ ተረከዝ ከጣት ዝቅ ይላል። ቁርጭምጭሚት የበለጠ ይታጠፋል፣ የተረከዝ ጅማት ይወጠራል፣ ባት ያቃጥላል። ዝቅተኛ ድሮፕ ያለው ጫማም በሜዳ ላይ በትንሹ ይህንኑ ያደርጋል። ሥራውን ወደ ባትና ወደ ተረከዝ ጅማት ይገፋዋል። ከፍተኛ ድሮፕ በተቃራኒው ጅማቱን ያሳርፋል፤ በምትኩ ጉልበት ላይ ያለው ጫና ይጨምራል። ጫናው የትም አይጠፋም። ጫማው የሚወስነው የትኛው የእግራችሁ ክፍል እንደሚሸከመው ነው።

ከጉዳት የሚመለስ ሰው ከብራንዱም ከቀለሙም በፊት ይህን ቁጥር መጠየቅ አለበት የምለው ለዚህ ነው። የታመመው ባታችሁ ወይም የተረከዝ ጅማታችሁ ከነበረ፣ መጀመሪያ ላይ 8 እና ከዚያ በላይ ያለውን ምረጡ። የጫማው የኋላ አንገትም ጅማቱን የሚጫን ጠንካራ አይሁን። የታመመው የጉልበታችሁ ፊት ከነበረ፣ ደረጃ ስትወርዱ የሚያማችሁ ዓይነት ከሆነ፣ መካከለኛ ድሮፕ ሊያቀልላችሁ ይችላል፤ ከ12 በአንድ ጊዜ ወደ ዜሮ መውረድ ግን ጉልበቱን አድኖ ባቱን ማሳመም ነው። ወለምታ ከነበረ ከድሮፑ ይልቅ የሶሉን ስፋት እዩ። ከፍ ያለና በጣም ለስላሳ ሶል ቁርጭምጭሚትን ያወዛውዛል። የአጥንት ስንጥቅ ከነበረ ጉዳዩ የጫማ አይደለም፤ ሐኪሙ «ሩጥ» እስኪል መጠበቅ ነው።

«አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ አይደል እንዴ ያሸነፈው?» የሚል ሰው ሁሌም አይጠፋም። እውነት ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ ያሸነፈው ያለ ጫማ ነው። ግን ያ እግር ያለ ጫማ መሮጥ የለመደ እግር ነበር። በ1964 ቶኪዮ ላይ፣ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ካደረገ ከሳምንታት በኋላ ደግሞ ጫማ አድርጎ ሮጠ፤ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድም አሸነፈ። እኔና እናንተ ቀኑን ሙሉ ታኮ ያለው ጫማ አድርገን ቢሮ የምንውል ሰዎች ነን። ጅማታችን የለመደው ያንን ነው።

ዝቅተኛ ድሮፕ ጎጂ ነው እያልኩ ግን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ የሉክሰምበርግ ጥናት 553 ሯጮችን ለስድስት ወር ተከታትሏል። ለአንዳንዱ 10፣ ለአንዳንዱ 6፣ ለቀሩት ዜሮ ድሮፕ ያለው ጫማ ተሰጣቸው። በአጠቃላይ ሲታይ በጉዳት ብዛት ልዩነት አልተገኘም። አልፎ አልፎ በሚሮጡት ላይ ዝቅተኛው ድሮፕ እንዲያውም ጉዳት የቀነሰ ይመስላል፤ አዘውትረው በሚሮጡት ላይ ደግሞ ጨምሯል። ለሁሉም የሚሆን «ጥሩ ድሮፕ» የለም። የእናንተ እግር፣ የእናንተ ጉዳት፣ እስከ ዛሬ የለመዳችሁት ጫማ ነው ወሳኙ።

አሁን ወደ ገበያው። ድሮፕ ብዙ ጊዜ ካርቶኑ ላይ አይጻፍም። የጫማውን ሙሉ ስም ከነቁጥሩ ያዙና ስልካችሁ ላይ ፈልጉት። በዓይን መገመት ያታልላል፤ ከውጭ የሚታየው የሶል ጠርዝ ተረከዙን አቅፎ ወደ ላይ ስለሚወጣ፣ እግር የሚያርፍበት ትክክለኛ ቦታ ከዚያ ዝቅ ይላል። ሻጩ ካላወቀ አትፍረዱበት፣ ግን በግምቱ አትግዙ።

ሰልባጅ የምትገዙ ከሆነ (ብዙዎቻችን የምንገዛው እሱን ነው) ጥንቃቄው ይጨምራል። ጫማውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡና ጎንበስ ብላችሁ ከኋላው እዩት። ተረከዙ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ ካዘነበለ ተዉት። ከዚያ የሶሉን ጎን በአውራ ጣት ጫን በሉት። ደረቅ ከሆነና ብዙ የተኮማተረ መስመር ካለው ስፖንጁ አልቋል። ላዩ አዲስ ቢመስልም፣ ኦርጅናል ቢሆንም፣ ያው ነው። ተረከዙ የተጨፈለቀ ጫማ ድሮፑም አብሮ ይቀንሳል፤ ወረቀት ላይ 10 የተባለው እግራችሁ ሥር 10 አይደለም።

ስትሞክሩም ወደ ማታ ሂዱ። እግር ቀኑን ሲውል ትንሽ ያብጣል። የምትሮጡበትን ካልሲ አድርጉ። ከረጅሙ ጣታችሁ ፊት የአውራ ጣት ስፋት ያህል ክፍት ቦታ ይቅር። ሁለቱንም አድርጋችሁ ሱቁ በር ላይ ሶምሶማ በሉ፤ ሰው ቢያይ ይይ። ድሮፑ ትክክል ሆኖ ጫማው ካልተመቸ አትግዙት። «ሲለመድ ይለቃል» የሚባለው ለሩጫ ጫማ አይሠራም።

አዲሱ ጫማ ድሮፑ ከድሮው የሚለይ ከሆነ አሮጌውን አትጣሉ። በሳምንት ሁለት ቀን፣ አሥር አሥር ደቂቃ በአዲሱ ጀምሩ። በየሳምንቱ ትንሽ ጨምሩ። ሙሉ በሙሉ ለመሸጋገር ከአንድ እስከ ሁለት ወር ስጡት። መለኪያው የማግስቱ ጠዋት ነው። ከአልጋ ወርዳችሁ ስትቆሙ ጅማቱ ከትናንቱ የበለጠ ከደረቀባችሁ፣ ትናንት አብዝታችኋል።

እኔ 10 ድሮፕ ያለው ጫማ ገዛሁ። አንድ ደቂቃ ሮጬ ሁለት ደቂቃ እየተራመድኩ ጀመርኩ። በየቀኑ ደረጃ ላይ በአንድ እግር እየቆምኩ ተረከዜን ከፍ ዝቅ አደርግ ነበር። መጀመሪያ ስድስት ጊዜ ብቻ ነበር የምችለው። ሃያ ለመድረስ ሁለት ወር ፈጀብኝ። ያንን እኩል ሶል ያለውን ጫማ አልሸጥኩትም። ቅዳሜ ቅዳሜ ጃን ሜዳ ሣሩ ላይ ለአሥር ደቂቃ አደርገውና፣ መልሼ አውልቄ ባለታኮውን አስራለሁ።