ሰው ኮምፒውተርን በቼዝ ያሸንፋል ወይ?

አራት ኪሎ ካፌ ቁጭ ብለው ቼዝ የሚጫወቱ ልጆች ጋ ይሄ ጥያቄ ሁሌ ይነሳል። መልሱ አጭር ነው፣ ፕሮግራሙ በሙሉ አቅሙ ከተጫወተና ሁለቱም እኩል ጠጠር ይዘው ከጀመሩ አሁን ላይ የዓለም ሻምፒዮኑም አያሸንፈውም።

ድሮ ግን እንዲህ አልነበረም (ዓመቶቹ በፈረንጆቹ ናቸው)። የዓለም ሻምፒዮን የነበረው ካስፓሮቭ በ1996 ዲፕ ብሉ የሚባለውን የአይቢኤም የቼዝ ኮምፒውተር 4 ለ 2 አሸንፎት ነበር፣ በ1997 ግን ኒውዮርክ ላይ 3.5 ለ 2.5 ተሸነፈ (እኩል የወጣ ጨዋታ ለሁለቱም ግማሽ ነጥብ ነው)፣ ማሽኑ በሰከንድ ወደ 200 ሚሊዮን አቀማመጥ ነበር የሚያየው። ብዙ ሰው ነገሩ እዛ ላይ ያለቀ ይመስለዋል፣ ሆኖም ሌላው የዓለም ሻምፒዮን ክራምኒክ በ2002 ባህሬን ላይ ዲፕ ፍሪትዝ ከሚባል ፕሮግራም ጋር 4 ለ 4 ወጥቷል። በ2005 እንግሊዛዊው ተጫዋች አዳምስ ሃይድራ በሚባል የቼዝ ኮምፒውተር 5.5 ለ 0.5 ተረታ፣ በ2006 ደሞ ክራምኒክ ቦን ላይ በዲፕ ፍሪትዝ 4 ለ 2 ተሸነፈ፣ አንዱ ጨዋታ ላይ ደህና ቦታ ላይ እያለ ንግሥቱን አነሳና በሚቀጥለው እርምጃ ማት ሆነ። እኔ ከሁሉም የሚያሳዝነኝ ይሄ ነው፣ ምክንያቱም ችሎታ አንሶት ሳይሆን ሰው ስለሆነ ነው፣ ሰው ይደክማል ዓይኑም ይዘላል፣ ማሽኑ ግን ስድስተኛው ሰዓትም ላይ እንደ መጀመሪያው ደቂቃ ነው።

በፊት አንድ ዘዴ ነበር፣ ወታደር በወታደር ቆልፎ ቦርዱን መዝጋትና ማሽኑ ዝም ብሎ ሲመላለስ መጠበቅ፣ አሜሪካዊው ተጫዋች ናካሙራ በ2008 ሪብካ የሚባለውን ፕሮግራም በብሊትዝ (በጥቂት ደቂቃ በሚያልቅ ጨዋታ) የረታው እንደዛ ነው። አሁን ግን አልፋዜሮ የሚባለው የጉግል ፕሮግራም በ2017 ከራሱ ጋር ብቻ እየተጫወተ ተምሮ ከመጣ በኋላ ነገሩ ተቀየረ፣ በ2020 ስቶክፊሽ የሚባለው ፕሮግራምም ኒውራል ኔትወርክ (ከብዙ ምሳሌ የሚማር ስሌት) ጨመረ፣ እሱ ደሞ ነፃ ስለሆነ ማንኛውም ልጅ ስልኩ ላይ ሊጭነው ይችላል። ሊላ የሚባለው ፕሮግራም እንዲያውም የራሱን አንድ ፈረስ ከቦርዱ ላይ ቀንሶ ጀምሮ በፈጣን ጨዋታ ግራንድማስተሮችን (ትልቁን የቼዝ ማዕረግ የያዙትን) ይረታል።

የኛ የድሮው ቼዝ፣ ሰንጠረዥ፣ ግን ለየት ይላል፣ መጀመሪያ ላይ ወረራ የሚባል ነገር አለው፣ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ተራ ሳይጠብቁ ያንቀሳቅሳሉ፣ የቼዝ ፕሮግራም ስሌት ደሞ እኔ ስሄድ አንተ ትሄዳለህ በሚል ላይ ነው የተሰራው፣ ስለዚህ ወረራው ላይ እንዳለ አይሰራም።

ካፌው ውስጥ ደስ የሚለኝ ከጨዋታው በኋላ ያለው ነው። ሁለቱ ልጆች ጠጠሮቹን ወደ ኋላ መልሰው «እዚህ ጋ ነው ያጠፋኸው»፣ «ኧረ እዛ ጋ አይደለም» ይባባላሉ፣ ማኪያቶው ይቀዘቅዛል፣ ስልክ የሚወጣው ከዛ በኋላ ነው፣ ስቶክፊሽም ሁለቱም ያላሰቡትን የፈረስ እርምጃ ያሳያቸዋል፣ ከዛ ለምን እንደሆነ እስኪገባቸው ድረስ እንደገና ቦርዱ ላይ ያቀረቅራሉ።