ጉረኖ፦ የበግ ማደሪያ በሰሜን ሸዋ ደጋ

ጉረኖ በግና ፍየል ሌሊቱን የሚያድሩበት ቤት ወይም አጥር ነው። ሰሜን ሸዋ ውስጥ አሠራሩ እንደ አገሩ አየር ይለያያል። ሸዋ ሮቢት አካባቢ፣ 1,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ የእሾህ አጥርና ጥላ የሚሰጥ ዳስ ብዙውን ነገር ይጨርሳል። ጣርማ በርን ወጥቶ ደብረ ብርሃንና መንዝ ሲደረስ ግን ነገሩ ሌላ ነው። መሐል ሜዳ ከ3,000 ሜትር በላይ ናት። በጥቅምትና በኅዳር ውርጭ ይጥላል፤ ጠዋት ሣሩ ነጭ ለብሶ ይገኛል። እዚህ የማወራው በዋናነት ስለ ደጋው ጉረኖ ነው።

የመንዝ በግ ለብርድ የተፈጠረ ነው። ቁመቱ አጭር፣ ላቱ ወፍራም፣ ጠጉሩ ሻካራ ነው። ባና የሚባለው ወፍራም የሱፍ ብርድ ልብስ የሚሠራው ከዚሁ ጠጉር ነው። ገብሱን ውርጭ ሲመታው ወይም በልጉ ሲቀር ለቤተሰቡ የሚተርፈው በጉ ነው። የዘይቱም፣ የደብተሩም ገንዘብ ከጉረኖ ይወጣል። በ2001 ዓ.ም. ገደማ በሞላሌና በመሐል ሜዳ አካባቢ አርሶ አደሩ ራሱ ተሰባስቦ አውራ በግ የሚመርጥበት የዝርያ ማሻሻያ ሥራ ተጀምሯል። ጥሩ ሥራ ነው። ግን ከምርጥ አውራ የተወለደው ግልገል ጉረኖ ውስጥ ከሞተ ምርጫው ምን ፈየደ?

ሰው ጉረኖ ሲሠራ መጀመሪያ የሚያስበው ብርዱን ነው። ስለዚህ ቀዳዳው ሁሉ በጭቃና በጆንያ ይደፈናል። ለእኔ ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። ጠጉሩ ደረቅ የሆነ ትልቅ በግ ብርዱን ይችለዋል። የማይችለው እርጥበቱን፣ በቀጥታ የሚመታውን ነፋስና የታፈነውን አየር ነው። በጠጥና ሽንት ሲከማች አሞኒያ የሚባል ጋዝ ይወጣል። ጋዙ የመተንፈሻ አካልን ይጎዳል፤ ሳሉም ይከተላል።

መፈተኛው ቀላል ነው። ማለዳ፣ በጎቹ ሳይወጡ፣ ገብታችሁ ቁጢጥ በሉ። አፍንጫችሁ በበጉ አፍንጫ ልክ ይሁን። ቆማችሁ ያልተሰማችሁ ሽታ እዚያ ታች አለ። ዓይናችሁን ከቆጠቆጣችሁ በጎቹ ሌሊቱን ሙሉ እሱን ሲምጉ አድረዋል። አንድ የጥር ማለዳ መንዝ ውስጥ እንዲህ ቁጢጥ ብዬ እንባዬ ወርዷል። አጠገቤ አንዲት እናት በግ አንገቷን ዘርግታ ደጋግማ ትስል ነበር፤ ግልገሏ ሆዷ ሥር ተሸጉጧል። ግድግዳው አናት ላይ የተጠቀጠቀው ጆንያ ሲወጣ ሽታው በጥቂት ቀን ቀለለ።

መላው ክፍተቱን ከበጉ ቁመት በላይ ማድረግ ነው። በግድግዳው አናትና በጣራው መካከል አንድ ስንዝር ያህል ይተዋል። የሞቀውና የታፈነው አየር በላይ ይወጣል፤ ነፋሱ ግን የተኛውን በግ አያገኘውም።

ቦታው ውኃ የማይቋጥር፣ ትንሽ ተዳፋት ያለው ይሁን። በሩ ወዴት እንደሚዞር ለመወሰን ጠዋትና ማታ የቤቱን ጭስ ማየት ይበቃል። ጭሱ ወደሚሄድበት አቅጣጫ በር ይወጣለታል፤ ነፋሱ ከሚመጣበት በኩል ድፍን ግድግዳ ይቆማል። ደጋው ድንጋይ አያጣም። ካቡ በጭድ በተቦካ ጭቃ ከውስጥ ይመረጋል። በሩ ጠንካራ መሆን አለበት፤ ጅብ የላላ በር አይምርም።

ለጣራ የጓሳ ሣርን የሚያህል የለም። የመንዝ ሰው የጓሳን ሜዳ ለዘመናት ከልሎ የጠበቀው አንድም ለዚሁ ክዳን ብሎ ነው። ቆርቆሮ ዕድሜው ይረዝማል። ነገር ግን በብርድ ሌሊት የበጎቹ ትንፋሽ ከሥሩ ውኃ ሆኖ ይንጠባጠባል፤ ጠጉራቸው ይረጥባል። ቆርቆሮ የመረጠ ሰው ከሥሩ ጭድ ወይም ሣር ቢደርብ ይሻለዋል።

ስፋቱ ለአንድ ትልቅ በግ 1 ካሬ ሜትር፣ ግልገል ላላት እናት 1.5 ካሬ ሜትር ገደማ ነው። 3 በ5 ሜትር የሆነ ጉረኖ አሥር እናቶችን ከነግልገሎቻቸው ይይዛል። ወለሉ በድንጋይ ተነጥፎ ወደ በሩ ዘንበል ይላል፤ ላዩ ላይ ደረቅ ጭድ ይጎዘጎዛል። ሲረጥብ ይቀየራል። የሚወጣው በጠጥ ለጓሮው ማዳበሪያ ይሆናል። ከመሬት ከፍ ብሎ በባሕር ዛፍ አጣና የሚረበረበው ወለል ለቆላው ግሩም ነው። ደጋ ላይ ግን ነፋሱን ከሥር ያስገባዋል፤ እኔ አልመክረውም።

ድርቆሹ መሬት ላይ ከተበተነ ግማሹ ተረግጦ ይቀራል። ከግድግዳው ጋር የታሰረ የአጣና መደርደሪያ ይበቃል። አዲስ የተገዛ በግ ደግሞ በቀጥታ መንጋው ውስጥ አይገባም። እከክም ሳልም ከገበያ ይዞ ሊመጣ ይችላል፤ ሁለት ሦስት ሳምንት ለብቻው ይደር።

የወላድ ጥግ እንዳይረሳ። 1.2 ሜትር በ1.2 ሜትር የሆነች፣ ከነፋስ የራቀች፣ ጭዷ የበዛ ጥግ ማለት ነው። ግልገል ሲወለድ እርጥብ ነው፤ ደጋ ላይ የሚገድለው ይሄ እርጥበት ነው። እናቱ ልሳ ካላደረቀችው በደረቅ ጭድ ወይም በጆንያ ይታሻል። ከዚያ ፈጥኖ እንገሩን ይጥባ። ሁለት ሦስት ቀን ሁለቱ ብቻቸውን እዚያ ይሰንብቱ፤ እናቲቱ ልጇን በጠረኑ ትለየዋለች፣ ሌሎቹም አይረግጡትም።