ጣውንትነት በዘማሪ ወፎችና የጎንደር አካባቢ ሸማኔ ወፎች

ብዙዎቹ ዘማሪ ወፎች በጥንድ ይራባሉ። እ.ኤ.አ. በ1966 የወጣ ጥናት ከቆጠራቸው 291 የሰሜን አሜሪካ ዝርያዎች መካከል አንዱ ወንድ በመደበኛነት ከብዙ ሴቶች ጋር የሚጣመርባቸው 14 ብቻ ነበሩ። ከ14ቱ 13ቱ ረግረግና ሣራማ ሜዳ ወዳድ ናቸው። ታዲያ ላጤ ወንድ እያለ ሴቷ ጣውንት ላይ የምትሄደው ለምንድን ነው?

ጃሬድ ቨርነር በ1964፣ ጎርደን ኦሪያንስ ደግሞ በ1969 ያቀረቡት መልስ «የጣውንትነት ደፍ» ሊባል ይችላል። የወንዶች ይዞታ እኩል አይደለም። የአንዱ ይዞታ ምግብና መሸሸጊያ የሞላው ከሆነ፣ ሁለተኛ ሆና የገባችው ሴት የወንዱን እርዳታ ብትካፈልም፣ የላጤው ደረቅ መሬት ላይ ብቻዋን ከነገሠችው ይልቅ ብዙ ጫጩት ታሳድጋለች። ልዩነቱ ይህን ያህል ሲሰፋ ደፉን ትሻገራለች። በአሜሪካ ሜዳ በሚኖር አንድ ወፍ ዘንድ ሚዛኑን የደፋው ጥላ ነው፤ ጎጆው ለፀሐይ ከተጋለጠ ጫጩቶቹ በሙቀት ይሞታሉና።

ጎንደር ለዚህ ጉዳይ ጥሩ መምህር ነው። በደጋው ግቢዎች የሚታየው ባግላፌክት ሸማኔ ወፍ ነፍሳት ይለቅማል፤ አብዛኛውን ጊዜ ከአንዲት ሚስቱ ጋር ነጠል ብሎ ይኖራል፤ ጫጩቶቹንም አብረው ይመግባሉ። በሳይንሳዊ መጠሪያው ውስጥ ያለው «ባግላፌክት» የሚለው ቃል ከአገራችን የተወሰደ ነው፤ ወደ አውሮፓ ያደረሰውም ከ1770 እስከ 1771 ጎንደር የቆየው ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ እንደሆነ ይነገራል። የሰማው እዚሁ ከተማ ነው ማለት ግን የጎንደሬ አድልዎ ሊሆን ይችላል።

ወደ ጣና ሲወረድ ነገሩ ይለወጣል። ባለ ጥቁር ራሱ ቢጫ ሸማኔ ወፍ በአንድ ዛፍ ላይ በመንጋ ይሰፍራል። ወንዱ ከለምለም ሣር ጎጆ ሸምኖ፣ ከበሩ ሥር ተንጠልጥሎ ክንፉን እያራገበ ይጣራል። ሴቷ ትገባለች፣ ውስጡን በአፏ እየሳበች ትፈትሻለች፤ ካልወደደችው ትታው ትሄዳለች። ሣሩ ደርቆ የቡናማ ቀለም ከያዘ ፈላጊ ስለማያገኝ፣ ወንዱ ራሱ አፍርሶ እንደገና ይጀምራል። ጎጆዋ ከጸደቀላት ውስጡን የምታነጥፈው፣ የምትታቀፈውና በአመዛኙ የምትመግበው እሷ ናት። ከወንዱ የምትጠብቀው እርዳታ ትንሽ ስለሆነ ጣውንት የምታስቀርባት ነገርም ትንሽ ነው፤ ትኩስ ጎጆ ግን ያስፈልጋታል።

የዘር ውርስ የሚያስቀድሙም አሉ፤ ተፈላጊ አባት ተፈላጊ ወንዶች ልጆች ይሰጣል ይላሉ።

በአውሮፓው ጥቁርና ነጭ ዝንብ አዳኝ ዘንድ ግን ክርክሩ አልበረደም። ወንዱ ከመጀመሪያ ጎጆው ራቅ ብሎ ሌላ ይዞታ ይይዛል። የስዊድን ተመራማሪዎች ሴቷ ወንዱ ባለ ትዳር መሆኑን ሳታውቅ ትታለላለች አሉ፤ የኖርዌይ ባልደረቦቻቸው መታለሏን አልተቀበሉም።