ታሮፓች ምንድን ነው?

መልኩ ዩኩሌሌ የሚባለውን ባለ አራት ክር ትንሽ የሃዋይ ጊታር የሚመስል፣ መቃኛዎቹ ግን በአራት ፈንታ ስምንት የሆኑ አሮጌ መሣሪያ እጁ የገባ ሰው አብዛኛውን ጊዜ «ማንዶሊን ነው» ብሎ ያልፈዋል። አይፈረድበትም፤ ስምንት ክሮች ጥንድ ጥንድ ሆነው በአራት ረድፍ የተወጠሩበት ትንሽ መሣሪያ ሲባል ቀድሞ የሚታወሰው ማንዶሊን ነው። ነገር ግን ሳጥኑ እንደ ጊታር ወገቡ ገባ ያለ፣ ክሮቹም ከብረት ሳይሆን ከናይለን ወይም ከአንጀት የተሠሩ ከሆኑ፣ መሣሪያው የዩኩሌሌ የቅርብ ዘመድ የሆነው ታሮፓች መሆኑን መጠርጠር ተገቢ ነው።

ታሮፓች በአጭሩ እያንዳንዱ ክሩ የተደረበ ዩኩሌሌ ነው። የተለመደው ቅኝቱም የዩኩሌሌው ሶል፣ ዶ፣ ሚ፣ ላ ስለሆነ፣ ዩኩሌሌ የሚችል ሰው አዲስ የጣት አያያዝ መማር ሳያስፈልገው ሊጫወትበት ይችላል። ልዩነቱ ያለው በድምፁ ላይ ነው። ሁለት ክሮች አንድ ዓይነት ቢቃኙም ፍጹም እኩል ስለማይሆኑ በመካከላቸው የሚፈጠረው ጥቃቅን ልዩነት ድምፁን ያወፍረዋል፣ በመጠኑም ያርገበግበዋል፤ አንዳንዶች ደግሞ ከጥንዱ አንዱን በአንድ ኦክታቭ ዝቅ አድርገው ይቃኙታል።

ስሙ በእንግሊዝኛ የጎደሬ ማሳ ማለት ነው። ሆኖም ይህ ስም መጀመሪያ የተሰጠው ስምንት ክር ላለው መሣሪያ አልነበረም፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1879 ሬቨንስክራግ የተባለች መርከብ ከፖርቱጋል የማዴራ ደሴት ስደተኞችን አሳፍራ ሆኖሉሉ ስትደርስ፣ ከተሳፋሪዎቹ መካከል ማኑኤል ኑኔስ፣ አውጉስቶ ዲያስ እና ዦዜ ዶ እስፒሪቶ ሳንቶ የተባሉ እንጨት ሠሪዎች ነበሩ። በማዴራ ከሚታወቁት ትናንሽ ባለክር መሣሪያዎች አንዱ ባለ አራት ክሩ ማሼት ሲሆን፣ ሌላው ራዣው የሚባለውና ከፍ የሚለው ባለ አምስት ክር ነው። ዩኩሌሌ የተወለደው ከሁለቱ መዋሐድ ነው፤ የሳጥኑን መጠንና የክሩን ቁጥር ከማሼት፣ ቅኝቱን ደግሞ ከራዣው ወሰደ። የራዣው ቅኝት ሬ፣ ሶል፣ ዶ፣ ሚ፣ ላ ነው፤ ሬን ብቻ ብናስቀርለት ዛሬ የምናውቀው የዩኩሌሌ ቅኝት ሳይጨመርበት ሳይቀነስበት ይገኛል።

የሃዋይ ሰዎች በመጀመሪያ ታሮፓች ያሉት ያንን ባለ አምስት ክር ራዣው ነበር። ስሙ ወደ ባለ ስምንት ክሩ የተሻገረው ኋላ ነው። ስለዚህ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ስለ ሃዋይ በተጻፈ ጽሑፍ ውስጥ «ታሮፓች» የሚል ቃል ሲገኝ ባለ ስምንት ክሩን ማሰብ አያስኬድም።

እ.ኤ.አ. በ1915 በሳን ፍራንሲስኮ በተካሄደው ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ላይ የሃዋይ ሙዚቃ ከቀረበ በኋላ አሜሪካ ውስጥ ዩኩሌሌ እንደ እብደት ተስፋፋ፤ የፔንሲልቬኒያውን ማርቲንን የመሰሉ ጊታር ሠሪዎችም ታሮፓችን ጨምረው ማምረት ጀመሩ። ዘመኑ ግን አልረዘመም። የያኔዎቹ መቃኛዎች ጥርስ የሌላቸው፣ በሰበቃ ብቻ የሚይዙ ስለነበሩ ስምንቱን አንድ በአንድ አስማምቶ ማቆየት ትዕግሥት የሚፈትን ሥራ ነበር፤ አንዱ ሲስተካከል ሌላው ይለቃል። ሳጥኑ ግን አልተጣለም። በአራት ክር ብቻ ሲወጠርበት ዛሬ ኮንሰርት የሚባለው የዩኩሌሌ መጠን ሆነ።

መሣሪያውን ለመለየት የተወጠሩትን ክሮች ብቻ መቁጠር አያስተማምንም፤ ብዙ ባለቤቶች ለቅለት ሲሉ ግማሹን አውጥተው ይጫወቱበታልና። መታየት ያለበት በአንገቱ ራስ ላይ ያሉት የመቃኛ ቀዳዳዎች ቁጥር፣ ቀጥሎም ክሮቹ የሚያርፉባቸው ጭረቶች ናቸው፤ ጭረቶቹ ሁለት ሁለት እየሆኑ ተቀራርበው ከተገኙ ጥርጣሬው ይጠነክራል። ከአንገቱ ራስ ሥር ካለው ማረፊያ እስከ ሳጥኑ በርኩማ (ክሮቹ በሳጥኑ ገጽ ላይ እስከሚያርፉበት እንጨት) ያለው የክሩ ርዝመትም ወደ 38 ሴንቲ ሜትር ሊጠጋ ይገባል። በማንዶሊን ላይ ክሮቹ በበርኩማው ላይ አልፈው ከሳጥኑ ግርጌ ይታሰራሉ፤ በታሮፓች ላይ ግን በሳጥኑ ገጽ ላይ ከተጣበቀው በርኩማ ራሱ ላይ ይቋጠራሉ። አሥር ክሮች በአምስት ጥንድ ከተገኙ የአንዲስ ተራሮቹ ቻራንጎ ሊሆን ይችላል። አሥር የብረት ክሮች ሁለት፣ ሦስት፣ ሦስት፣ ሁለት ተብለው በአራት ረድፍ ከተከፈሉ ደግሞ ማርቲን የሠራው ዓይነት ቲፕሌ ነው።

ማንነቱ ሳይለይ የብረት ክር አይወጠርበት። የታሮፓች ገጽ ለአንጀት ክር ተብሎ የሳሳ ስለሆነ የብረቱን ውጥረት አይችልም፤ ከበርኩማው በስተኋላ ስስ ወረቀት ሲገፋ ከሥሩ የሚገባ ከሆነ፣ በርኩማው ከገጹ መላቀቅ ጀምሯል ማለት ነውና ቀድሞ አንድ ሰው ሞክሮት ሊሆን ይችላል።