የጤና ቁጠባ ሒሳብ በአሜሪካ የግብር ማስታወቂያ ላይ

የጤና ቁጠባ ሒሳብ፣ በብዙዎች አጠራር ኤችኤስኤ፣ በዩናይትድ ስቴትስ ነዋሪዎች ለሕክምና ወጪ ገንዘብ የሚያስቀምጡበት የግል ሒሳብ ነው። ገንዘቡ ሲገባ የፌዴራል የገቢ ግብር አይከፈልበትም፤ እዚያው ተቀምጦ የሚያፈራው ወለድና ትርፍ አይነካም፤ ለሕክምና ሲወጣም ነጻ ነው። በሦስቱም በር ግብር የማይጠየቅበት ቁጠባ በአሜሪካ የግብር ሕግ ውስጥ ብርቅ ነው። ጥቅሙ የሚጸናው ግን ባንክ ውስጥ አይደለም፤ በየዓመቱ ገቢና ግብር ለመንግሥት ከሚገለጽበት ከግብር ማስታወቂያው (ታክስ ሪተርን) ጋር ተያይዞ በሚቀርበው ቅጽ 8889 ላይ ነው። ብዙ ሰው ቁጠባውን በሚገባ ያከናውንና በዚህ አጭር ቅጽ ላይ ይሳሳታል።

ሒሳቡ የተፈጠረው ፕሬዚዳንት ጆርጅ ደብሊው ቡሽ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 8 ቀን 2003 በፈረሙት የሜዲኬር (በዋናነት 65 ዓመት ለሞላቸው የሚሰጠው የመንግሥት የጤና ኢንሹራንስ) ማሻሻያ ሕግ ነው። ከጃንዋሪ 2004 ጀምሮ ሥራ ላይ ዋለ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከእርሱ በፊት በ1996 የወጣ ተመሳሳይ ሒሳብ ነበር፤ በግላቸው ለሚሠሩ ሰዎችና ለአነስተኛ ድርጅቶች ብቻ የተፈቀደ በመሆኑ ብዙ ሰው አልደረሰውም።

ገንዘብ ማስገባት የሚችለው ከፍተኛ ዲዳክቲብል ያለው የጤና ኢንሹራንስ የያዘ ሰው ነው። ዲዳክቲብል ማለት ኢንሹራንሱ መክፈል ከመጀመሩ በፊት ታካሚው ከራሱ ኪስ የሚሸፍነው መጠን ሲሆን፣ በ2025 ቢያንስ ለአንድ ሰው 1,650 ዶላር፣ ለቤተሰብ 3,300 ዶላር መሆን ነበረበት። ከዚህ ሌላ ሰውየው ሜዲኬር ውስጥ የገባ ወይም በሌላ ሰው የግብር ማስታወቂያ ላይ ጥገኛ ሊባል የሚችል መሆን የለበትም። ባለቤቱ በሥራ ቦታዋ ለቤተሰቡ ሕክምና ሁሉ የሚከፍል ኤፍኤስኤ የተባለውን ሒሳብ ከያዘችም እርሱ ብቁ አይሆንም፤ ባልና ሚስት ሳይነጋገሩ በየሥራ ቦታቸው ሲመዘገቡ የሚገቡበት ወጥመድ ነው። ከ2026 ወዲህ መንግሥት ባዘጋጀው የኢንሹራንስ ገበያ የሚገዙ ብሮንዝ የሚባሉ ኢንሹራንሶችም ለሒሳቡ ብቁ ሆነዋል። ይህ ለውጥ ኢንሹራንሳቸውን ራሳቸው ለሚገዙ የታክሲ አሽከርካሪዎችና ባለ ሱቆች ትልቅ በር ከፍቷል፤ በወገኖቻችን ዘንድ ሊነገር የሚገባውን ያህል አልተነገረም።

በዓመት ሊገባ የሚችለው ጣሪያ በ2025 ለአንድ ሰው 4,300፣ ለቤተሰብ 8,550 ዶላር ሲሆን፣ በ2026 ወደ 4,400 እና 8,750 ከፍ ብሏል። ዕድሜው 55 የሞላው 1,000 ዶላር መጨመር ይችላል። ጣሪያው አሠሪው የሚሰጠውንም ሠራተኛው የሚያስገባውንም በአንድነት የሚቆጥር ነው።

የቅጹ ዋና ነገር እዚህ ላይ ነው። ገንዘብ ወደ ሒሳቡ የሚገባው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው በአሠሪው በኩል ነው፦ አሠሪው በራሱ የሚሰጠው ድጎማና ከሠራተኛው ደመወዝ ግብር ሳይሰላ ተቆርጦ የሚገባው። ሁለተኛው ሰውየው ግብር ከተቆረጠበት ገንዘብ ላይ ከባንኩ በቀጥታ የሚያስገባው ነው። በአሠሪው በኩል የገባው ሁሉ በዓመቱ መጨረሻ በሚሰጠው የደመወዝ መግለጫ በደብሊው-2 ላይ፣ በ12ኛው ሣጥን ውስጥ ደብሊው ከሚለው ፊደል ጎን በአንድ ድምር ይጻፋል። ከገዛ ደመወዝ የተቆረጠው ገንዘብ እዚህ ሲገኝ “የአሠሪ መዋጮ” ይባላል፤ ስያሜው ብዙ ሰው ያደናግራል። ሠራተኛው “ይህ እኮ ከእኔ ደመወዝ የወጣ ነው” ብሎ ራሱ ባስገባው ቦታ ላይ ደግሞ ይጽፈዋል። ያ ገንዘብ ግን ከመጀመሪያውም በግብር የሚታሰብ ደመወዙ ውስጥ አልተቆጠረም፤ ስለዚህ ሁለተኛ ጊዜ ሊቀነስ አይችልም።

በምሳሌ ለማየት፣ በሜሪላንድ የምትኖር የቤተሰብ ኢንሹራንስ ያላት አንዲት ነርስ እናስብ። በ2025 ከደመወዟ 5,000 ዶላር ተቆረጠ፤ አሠሪዋ 1,000 ጨመረላት። ደብሊው-2ዋ ላይ 6,000 ይታያል። ይህ ቁጥር በቅጽ 8889 ዘጠነኛ መስመር ላይ ይገባል። ከጣሪያው 8,550 ሲቀነስ 2,550 ይቀራል፤ እስከ ኤፕሪል 15 ቀን 2026 ድረስ ለ2025 ብላ በራሷ ልታስገባ የምትችለው ይህን ብቻ ነው። ካስገባች ሁለተኛው መስመር ላይ ትጽፈዋለች፤ ተቀናሹ በ13ኛው መስመር ይወጣና ከዋናው ቅጽ 1040 ጋር ወደሚያያዘው መርሐ ግብር 1 (ስኬጁል 1) ወደሚባለው ቅጽ ይሻገራል። ምንም ካላስገባች ሁለተኛው መስመር ዜሮ ነው። 6,000ውን በስሕተት ሁለተኛው መስመር ላይ ብትደግመው ግን ቅጹ ሳታስገባ 2,550 ዶላር ይቀንስላታል፤ ከዚያም አልፎ 3,450 ዶላር ከጣሪያ በላይ ያስገባች ያስመስላታል። በዚያ ትርፍ ላይ የሚጠየቀው ስድስት በመቶ ቅጣት 207 ዶላር ይሆናል። ሐቀኛ ሠራተኛ ላልሠራችው ጥፋት ከፈለች ማለት ነው። የግብር ሶፍትዌሮችም ጥያቄውን በሁለት የተለያየ ገጽ ስለሚያቀርቡት ስሕተቱን ቀላል ያደርጉታል።

በተቃራኒው፣ በራሱ ምንም ስላላስገባ ቅጹን ጭራሽ የሚተወውም ብዙ ነው። ሕጉ ግን በዓመቱ ውስጥ በማንም እጅ ገንዘብ ከገባ ወይም ከወጣ ቅጹ እንዲሞላ ያዝዛል። ሒሳቡን የሚያስተዳድረው ተቋም የወጣውን በቅጽ 1099-ኤስኤ፣ የገባውን በቅጽ 5498-ኤስኤ ለግብር መሥሪያ ቤቱ ለአይአርኤስ ያሳውቃል። መሥሪያ ቤቱ ገንዘብ መውጣቱን አይቶ ማብራሪያውን ካላገኘ፣ የወጣውን ሁሉ እንደ ገቢ ቆጥሮ የክፍያ ደብዳቤ ሊልክ ይችላል። 5498-ኤስኤ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚደርሰው በሜይ ነው፤ እርሱን እየጠበቁ ማስታወቂያን ማዘግየት አያስፈልግም፤ የባንኩ መግለጫና ደብሊው-2 በቂ ናቸው።

የቅጹ ሁለተኛ ክፍል ስለወጣው ገንዘብ ይጠይቃል። ለሕክምና ያልዋለው እንደ ገቢ ግብር ይከፈልበታል፤ ባለ ሒሳቡ 65 ዓመት ካልሞላውና አካል ጉዳተኛም ካልሆነ ሃያ በመቶ ይጨመርበታል። የኛን ሰው በቀጥታ የሚነካው ሕግ ያለው እዚህ ነው። ገንዘቡ የሚያገለግለው ለባለ ሒሳቡ፣ ለትዳር ጓደኛውና በግብር ሕግ ጥገኛ ለሚባሉ ሰዎች ነው። በዚያ ሕግ ደግሞ ወላጅ ጥገኛ ለመባል የአሜሪካ ዜጋ መሆን ወይም በአሜሪካ፣ በካናዳ ወይም በሜክሲኮ መኖር አለበት። አዲስ አበባ ላለች እናት የቀዶ ሕክምና ከዚህ ሒሳብ 700 ዶላር አውጥቶ የላከ ልጅ፣ የእናቱን ሕክምና ቢከፍልም 700ው ገቢ ይሆንበትና 140 ዶላር ይቀጣል። ለእናት መላክ ግዴታችን ነው፤ የሚላከው ግን ከሌላ ኪስ ይሁን። ባለ ሒሳቡ ራሱ ለዕረፍት ሄዶ ጥርሱን አዲስ አበባ ቢያሳክም ግን ወጪው ይቆጠርለታል። ሕክምናው በሁለቱም አገር ሕጋዊ መሆኑ ብቻ ይበቃል። መድኃኒትም እዚያው ተገዝቶ እዚያው ከተወሰደ እንዲሁ ነው።

ሒሳቡ በጋራ አይከፈትም። ባልና ሚስት ሁለቱም ካላቸው ማስታወቂያቸው አንድ ቢሆንም ቅጽ 8889 ለየራሳቸው ይሞላሉ፤ የቤተሰቡን ጣሪያ ግን ይካፈሉታል።

በዓመቱ መካከል ኢንሹራንሱን ያገኘ ሰው ጣሪያው በወራት ይሰላለታል። ዲሴምበር 1 ላይ ብቁ ሆኖ ከተገኘ ግን ዓመቱን ሙሉ እንደ ነበረው ሊቆጠርለት ይችላል፤ በምላሹ ቀጣዩን ዓመት እስከ ዲሴምበር መጨረሻ በዚያው ኢንሹራንስ መቆየት አለበት። ሥራ ቀይሮ ከወጣ ተጨማሪው ገንዘብ ገቢ ሆኖ አሥር በመቶ ይታከልበታል። ሥራ ቶሎ ቶሎ ለሚቀያይር ሰው ይህን ዕድል አልመክርም። ጡረታ የተቃረበ ሰውም ይጠንቀቅ፦ ከ65 ዓመት በኋላ ለሜዲኬር ሲመዘገቡ ሽፋኑ እስከ ስድስት ወር ወደ ኋላ ሊጀምር ስለሚችል፣ በእነዚያ ወራት የገባው ገንዘብ ከተፈቀደው በላይ እንደ ገባ ይቆጠራል። ትርፍ የገባ ገንዘብ ካፈራው ጋር ማስታወቂያ ማስገቢያው ቀን ሳያልፍ ከወጣ ስድስት በመቶው ቅጣት ይቀራል። እዚያው ከተተወ በየዓመቱ ይደጋገማል።

ይህ ሁሉ የፌዴራሉ ሕግ ነው። ካሊፎርኒያና ኒው ጀርሲ ለሒሳቡ ዕውቅና አይሰጡም። በሎስ አንጀለስ፣ በሳን ሆዜና በኦክላንድ የሚኖሩ ወገኖቻችን በደብሊው-2 ላይ የተጻፈውን ገንዘብ በግዛቱ ማስታወቂያ ላይ መልሰው ወደ ገቢያቸው መጨመር፣ የሒሳቡን ወለድም ማሳወቅ አለባቸው።

ደረሰኝ ከቅጹ ጋር አይላክም፤ ሲጠየቅ ግን መገኘት አለበት። ሒሳቡ ከተከፈተ በኋላ የወጣ የሕክምና ወጪ የጊዜ ገደብ ስለሌለው፣ ዘንድሮ ከኪስ የተከፈለውን ከአሥር ዓመት በኋላ ከሒሳቡ መተካት ይቻላል። ከአዲስ አበባ የመጣው የጥርስ ሐኪም ደረሰኝም የዕለቱ የዶላር ምንዛሪ ከጀርባው ተጽፎበት ከሌሎቹ ጋር በአንድ ፖስታ ይቀመጥ።