ቴአትር ይዞ ክፍለ ሀገር መውጣት፦ ሰው የሚያስበውና እኛ የምንኖረው

ባለፈው ሰሞን ታክሲ ሰልፍ ላይ አንድ የሰፈሬን ሰው አገኘሁ። «ጠፋሽ እኮ!» አለኝ። «ሥራ ወጥተን ባሕር ዳርና ጎንደር ነበርን» አልኩት። «ታድለሽ! ሽርሽር ላይ ነበርሻ!» አለኝ። ወዲያው ተራው ደርሶ ታክሲው ውስጥ ገባ። መልሴ አፌ ላይ ቀረ። አሁን ልጻፈው።

ስቴጅ ማናጀር ነኝ። ተዋናዩ በሰዓቱ እንዲገባ፣ መብራቱ በሰዓቱ እንዲበራ፣ በሦስተኛው ትዕይንት የሚነበበው ደብዳቤ ጠረጴዛው ላይ እንዲገኝ የማደርገው እኔ ነኝ። ተመልካች መልኬን አያውቀውም። ሥራችን ክፍለ ሀገር ሲወጣ ግን ከሁሉም ቀድሜ የምነሳው፣ ከሁሉም በኋላ የምተኛው እኔ ነኝ። ስለዚህ ቀኑ እንዴት እንደሚያልፍ ደህና አድርጌ አውቃለሁ።

«ሽርሽር ነው፤ አገር እያያችሁ ይከፈላችኋል»

ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ዲኮሩን የጫነው አይሱዙ ከእኛ አንድ ቀን ቀድሞ ይወጣል። እኛ ዓርብ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ኮስትር ውስጥ ነን። ጎሐ ጽዮን ላይ ቁርስ እንበላለን። ከዚያ የዓባይ በረሃ ነው። ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ወርደን፣ ያንኑ ያህል ወጥተን ደጀን እንገባለን። ጆሮ ይደፈናል፣ ሆድ ይገለባበጣል። ከኋላ ወንበር ቃለ ተውኔቱን ለራሱ የሚያነበንብ አይጠፋም። ማታ ስንደርስ በቀጥታ ወደ አልጋው የሚሄድ የለም። መጀመሪያ አይሱዙው ይራገፋል። ተዋናይ ነኝ ብሎ እጁን አጣጥፎ የሚቆምም የለም። ሶፋውንም በሩንም አብረን ነው የምንሸከመው።

ቅዳሜ ጠዋት 1 ሰዓት አዳራሽ እንገባለን። መብራት ይሰቀላል፣ ዲኮር ይቆማል፣ ድምፅ ይሞከራል። 5 ሰዓት ላይ ተዋንያኑ መድረኩን በእግራቸው ይለኩታል። ምሳ ብዙ ጊዜ ሽሮ ወይም ፓስታ ነው፤ ከባድ ምግብ በልቶ መድረክ ሲወጡ እንቅልፍ ያመጣል። 7 ሰዓት ሜካፕ። 8 ሰዓት የመጀመሪያው ትርኢት። 10 ሰዓት ተኩል ሕዝቡ ይወጣል፣ 11 ሰዓት ተኩል ሁለተኛው ይጀመራል። በመሀል ያለችው አንድ ሰዓት ላብ ማድረቂያና ሻይ መጠጫ ናት። ከምሽቱ 2 ሰዓት ገደማ መጋረጃ ይዘጋል። ተመልካች ወደ ቤቱ ሲሄድ እኛ ዲኮር መፍታት እንጀምራለን። እራት 5 ሰዓት፣ እንቅልፍ 6 ሰዓት። በማግስቱ ጠዋት የጎንደር መንገድ ይጠብቀናል።

ባሕር ዳር ለሥራ አራት ጊዜ ሄጃለሁ። የጢስ ዓባይን ፏፏቴ እስከ ዛሬ አላየሁትም።

«የአዲስ አበባው ቴአትር እንዳለ ተጭኖ ይመጣል»

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። የሙያችን ትልቁ ልፋት ያለው እዚህ ነው።

ቴአትር የሚጠናው ለአንድ መድረክ ነው። ተዋናይቷ ከበሩ እስከ ሶፋው ስምንት እርምጃ እንዳላት እግሯ ያውቀዋል። ስምንቱን እርምጃ የምትሄደው ደግሞ አንድ ዓረፍተ ነገር እየተናገረች ነው። የመጨረሻው ቃል ከአፏ ሲወጣ ትቀመጣለች። በየከተማው የምናገኛቸው ብዙዎቹ አዳራሾች ግን የተሠሩት ለስብሰባ ነው። መድረኩ ይጠባል፣ ስምንቱ እርምጃ አምስት ይሆናል። ዓረፍተ ነገሩ ሳያልቅ ሶፋው ጋ ትደርሳለች። ወይ አነጋገሯ ይፈጥናል፣ ወይ መሀል ላይ ቆም ብላ ዞር የምትልበት ምክንያት ይፈለግላታል። ይህ የሚወሰነው ትርኢቱ ሊጀመር ሦስት ሰዓት ሲቀረው ነው። አዘጋጁ አብሮን ካልመጣ ውሳኔው የእኔና የእሷ ነው።

መድረኩ ከኋላው መተላለፊያ ከሌለው በቀኝ ወጥቶ በግራ የሚገባው ገጸ ባሕርይ አዳራሹን በውጭ በኩል በሩጫ ይዞረዋል። ክረምት ከሆነ ጃንጥላ የሚይዝለት ሰው እመድባለሁ። ጫማው ጭቃ እንዳይዝ በሩ ላይ የሚቀይረው ሌላ ጫማ ይቀመጥለታል።

የመብራቱ ጉዳይ ደግሞ ሂሳብ ነው። አንዱ ፓውዛ 1000 ዋት ነው እንበል። በ16 አምፔር የተጠበቀ ተራ መስመር፣ በ220 ቮልት፣ የሚሸከመው 3500 ዋት ገደማ ነው። ሦስት ፓውዛ ማለት ነው። አራተኛውን ስትሰካው ብሬከሩ ሊወርድና አዳራሹ ሊጨልም ይችላል። ለአሥር ፓውዛ የተዘጋጀ ሥራ ይዞ የሄደ ቡድን ወይ ጄኔሬተር ይከራያል፣ ወይ ኃይሉን ከዋናው ቆጣሪ ይስባል። ለዚህ ነው የመብራት ባለሙያችን አንድ አዳራሽ ሲገባ መድረኩን ሳያይ «የቆጣሪው ክፍል ቁልፍ ማን ጋ ነው?» ብሎ የሚጠይቀው።

አንዴ የ8 ሰዓቱ ትርኢት መሀል ላይ መብራት ሄደ። ጄኔሬተሩም እምቢ አለ። ያለን አማራጭ መስኮቶቹን የጋረድንበትን ጥቁር ጨርቅ ማውረድ ነበር። አወረድነው። ትዕይንቱ የሌሊት ነው። አባትየው ፋኖስ ይዞ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ጨለማ ውስጥ ልጁን ይፈልጋል። ተዋናዩ እጁን ወደ ፊት ዘርግቶ፣ እንደማያይ ሰው እየዳበሰ ሄደ። አንድም ሰው አልሳቀም። አዳራሹ ሙሉ ጨለማውን አመነው። እንዲህ ያለ ነገር ያየሁት ከከተማዬ ርቄ ስሠራ ነው። ከዚህ ሙያ ያልወጣሁትም ለእንዲህ ያሉ ቀኖች ብዬ ነው።

«አበሉ ብቻ ያኖራችኋል»

የውሎ አበል የሚሰጠው ለምግብና ለአልጋ ነው። የሚተርፈው ከአፍ ተቀንሶ ነው። ሰው የማያየው ደግሞ የሚቋረጠውን ገቢ ነው። አዲስ አበባ ላይ አንድ ቴአትር በአብዛኛው በሳምንት አንድ ቀን ነው የሚታየው። ስለዚህ አንድ ተዋናይ ሁለት ሦስት ሥራ ይይዛል፣ በመሀሉ የቴሌቪዥን ድራማ ይቀረጻል፣ ማስታወቂያ ያነባል። ሦስት ሳምንት ሲወጣ ያ ሁሉ ይቆማል፣ ወይም ለሌላ ሰው ይሰጣል። አበሉን የቆጠረ ይህንንም ይቁጠር።

«ከቤቷ ውጭ የምታድር ሴት ተዋናይማ…»

ይህን ዓረፍተ ነገር ሰው አይጨርሰውም። መጨረሻውን ግን ሁላችንም እናውቀዋለን። አሮጌ ነገር ነው። አገራችን ውስጥ ቴአትር ሲጀመር ሴት ሆነው የሚጫወቱት ወንዶች ነበሩ። እንደ አስናቀች ወርቁ ያሉ ሴቶች መድረኩን የከፈቱልን ያንን ዘመን ተጋፍጠው ነው። ዛሬም ግን ሴት ልጅ «ሥራ ወጥቼ ነው» ስትል ፊቱ የሚለወጥ ሰው አለ።

እውነታውን ልንገራችሁ። አልጋ የሚያዘው ለሁለት ለሁለት ነው። ከእኔ ጋር የምታድረው ተዋናይት የ4 ዓመት ልጅ አላት። ከትርኢት ስንመለስ ቀሚሷን በእጇ አጥባ መስኮቱ ላይ ታሰጣለች፤ ለነገ መድረቅ አለበት። ልጇ የሚተኛው ከምሽቱ 1 ሰዓት ነው። 1 ሰዓት ላይ እሷ መድረክ ላይ ናት። በሁለተኛውና በሦስተኛው ትዕይንት መሀል ግን ስድስት ደቂቃ አላት። ስልኩን እኔ ደውዬ እጠብቃታለሁ። እየሮጠች ትመጣና በሹክሹክታ ታስተኛዋለች። ቪዲዮ አታበራም። የምትጫወተው አሮጊት ሆና ስለሆነ አንድ ቀን ሜካፑን አይቶ ደንግጦ አልቅሷል። አንድ ደቂቃ ሲቀራት ጣቴን አነሳላታለሁ። «እደር የኔ ጌታ» ትለውና ትገባለች።

ስለ እሷ እንዲያ ሲወራ ስሰማ ያመኛል።

«የክፍለ ሀገር ሰው ቀልድ ካልሆነ አይገባውም»

ይህን የሚሉት ውጭ ያሉ ሰዎች ብቻ አይደሉም፤ እኛው ውስጥም አሉ። ከባድ ሥራ ይዘን እንውጣ ስንል «አይሸጥም» የሚል አይጠፋም።

በደርግ ዘመን ጎጃም ግሽ ዓባይ፣ ጎንደር ፋሲለደስ፣ ወሎ ላሊበላ የሚባሉ የኪነት ቡድኖች ነበሯቸው። እነሱን እያየ ያደገው ልጅ ዛሬ ሃምሳና ስድሳ ዓመት ሆኖት ፊት ወንበር ላይ ተቀምጦ ያየናል። መድረክ ምን እንደሆነ ከእኛ አይማርም።

አንዱ ሥራችን ውስጥ ልጁን የበደለ አባት አለ። ልጁ ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ ሲመለስ «አንተስ ተምረሃል ልጄ፤ ያልተማርኩት እኔ ነኝ» ይለዋል። ሰሙ ትምህርት ነው፣ ወርቁ ምሕረት። አዲስ አበባ ላይ ወራት ሲታይ ይህች መስመር ዝም ተብላ ነው የምታልፈው። ባሕር ዳር ላይ ገና ከአፉ ስትወጣ ከኋላ አንድ አዛውንት «እሰይ!» አሉ። ከዚያ አዳራሹ በሙሉ ተቀበላቸው። ተዋናዩ ጭብጨባው እስኪበርድ መጠበቅ ነበረበት። እንዲህ ያለ ዕረፍት ጥናት ላይ አልነበረንም። ጎንደር ላይ ደግሞ ጭብጨባ ሳይሆን ከረር ያለ ዝምታ ነው የመጣው። ሁለቱም ቦታ ገብቷቸዋል።

«ማርና ዝንጅብል ጠጥቶ በሹክሹክታ ሲያወራ ድምፁ ይመለሳል»

ማሩን አልነቅፍም፤ ጉሮሮ ያለሰልሳል። የምንውጠው ነገር ግን የድምፅ አውታር ላይ አያርፍም፤ መንገዱ ሌላ ነው። ሹክሹክታም ብዙ ጊዜ አውታሩን ያደክመዋል እንጂ አያሳርፈውም። የሚያሳርፈው ዝም ማለት፣ ውሃና እንቅልፍ ነው። ከደሴ ብርድ ወጥተን ድሬዳዋ ሙቀት ስንገባ የድምፁ ድካም ይብሳል። ስለዚህ ተዋናዩ አንገቱን በነጠላ ጠቅልሎ ሰላምታችሁን በእጁ ብቻ ከመለሰ ኮርቶ አይደለም። ማታ ሥራ አለበት።

«ውጭ አገር ሲሄዱ ግን ሕይወት ነው»

አንድ ጊዜ ዋሽንግተን አካባቢ ሠርተናል። በአውሮፕላን የተፈቀደልን ለአንድ ሰው እያንዳንዳቸው 23 ኪሎ የሆኑ ሁለት ሻንጣዎች ነበሩ። በዚያ ዲኮር አይገባም። አልባሳቱን ይዘን ሄድን፣ ሶፋውን እዚያ ካለ ሐበሻ ቤት ተዋስን። ተመልካቹ ሳምንቱን ሙሉ ሥራ ላይ ስለሆነ ትርኢቱ ቅዳሜና እሑድ ብቻ ነው። ሌሎቹን ቀኖች ሰው ቤት ነን፣ ባለቤቶቹ ጠዋት ወጥተው ማታ ይገባሉ። ሰዓቱ ከአዲስ አበባ በሰባት ወይም በስምንት ሰዓት ወደ ኋላ ስለሚቀር እኛ ስንነቃ አዲስ አበባ ቀትር አልፏል። የናፈቁትን ሰው በጠዋት ካላገኙት፣ እኛ ምሽት ላይ ስንሆን እሱ ተኝቷል።

«ዘመድ እያለሽ ሆቴል ማደር ንቀት ነው»

ደሴ አክስት አለችኝ። መጀመሪያ ሥራ ይዘን ስንሄድ አልነገርኳትም። ፖስተሩን የደሴው ፒያሳ ላይ አይታ ደወለች። «አንቺ ልጅ! እኔ ሞቼ ነው ሆቴል ያደርሽው?» አለችኝ። ቅር መሰኘቷ እውነት ነበር፤ እኔም ደንግጬ ያልሆነ ነገር ቀባጠርኩ።

ነገሩ ንቀት አይደለም። ከአዳራሽ የምንወጣው እኩለ ሌሊት ሲቃረብ ነው። አክስቴ በሯን የምትዘጋው 2 ሰዓት ላይ ነው። እሷ ጋ ካደርኩ እራት አቅርባ ቁጭ ብላ ትጠብቀኛለች። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ደግሞ ኮስትሩ ሁሉንም ከአንድ ቦታ ነው የሚያነሳው። አንድ ሰው ከዘገየ የሚቀጥለው ከተማ መብራት ይዘገያል። ደግሞም ከሁለት ትርኢት በኋላ የሚያወራ አፍ የለኝም። ዘመድ ጋ ገብቶ ዝም ማለት ደግሞ እንዴት ይሆናል?

አሁን ከአዲስ አበባ ሳልወጣ እደውልላታለሁ። ቀኑን እነግራታለሁ፣ ወንበር እይዝላታለሁ። ባለፈው የደሴው አዳራሽ ወሎ ባህል አምባ መጣች። ትርኢቱ ሲያልቅ ከኋላ በር ገባች፤ ለሁላችንም የሚበቃ ድፎ ዳቦ በነጭ ጨርቅ ጠቅልላ ይዛለች። ደክሟት ነበርና መድረኩ ላይ ያለው ሶፋ ላይ ተቀመጠች። በሩ ሲነቀል፣ ግድግዳው ሲፈታ፣ ፓውዛዎቹ አንድ በአንድ ሲወርዱ አየች። «ይህን ሁሉ ዛሬ ማታ?» አለች። «ዛሬ ማታ» አልኳት። ድፎውን ራሷ ቆርሳ እየዞረች አጎረሰችን፤ እጃችን በአቧራ ስለተበላሸ። እስከ 5 ሰዓት ቆየች። አይሱዙው ላይ መጨረሻ የተጫነው እሷ የተቀመጠችበት ሶፋ ነው።